ኬብል ካሩ ላይ የሳቅኩት ሳቅ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰኔ 11

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ወሬ ወሬውን ሳበዛ ድፍረቴ እንዳይከዳኝ። አባትሽ ወደ ባሕሩ ከተማ ልውሰድሽ ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልከለከለኝም። አንድ ጊዜም አይደለም፤ በየዓመቱ ይጠይቀኝ ነበር፣ በየዓመቱ እምቢ እለው ነበር።

አሁን ቁጭ በይና ቀሪውን አንብቢ። እንደ ልማድሽ ቆመሽ፣ ምድጃ ላይ የጣድሽውን እያማሰልሽ አይሆንም።

እኔ ደህና ነኝ። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ሰላም በይልኝ ብላሻለች፤ የለካችልሽ ቀሚስ ዛሬም አልተሰፋም፣ እንዳትጠብቂው። ይህን ሁሉ በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ ትገረሚ ይሆናል። ዕድሜዬን ስልክ ላይ የኖርኩት ሌላውን ሰው ላገናኝ ነው። የራሴን ነገር ልናገር ስል የሰው መስመር ይዤ የማስጠብቅ ይመስለኝና አፌ ይያዛል። ወረቀት ግን አይጠራም፣ አይቋረጥም፣ ማንም ወረፋ አይጠብቅበትም።

ሐሙስ ስትደውዪ እንዲህ ነበር ያልሽኝ፦ «እማዬ፣ ፎቶውን አየሁት! ጎሽ የኔ እናት! ይንጨርጨሩ! አባዬ አንድ ቀን እንኳ ከበር አውጥቶሽ ያውቃል? እሑድ ሲሰበሰቡ ለአክስቴ የድምፅ መልእክት እልክላታለሁ፤ ሁሉም ይስማው። እንደ እስረኛ እንዳኖረሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እኔም «እሺ ልጄ» ብዬ ዘጋሁት። ያን «እሺ» ዛሬ መልሼ ወስጃለሁ። መልእክቱን አትላኪ፤ ወረቀቱ ከእሑድ በኋላ ነው የሚደርስሽና ይቺን አንዷን ቃል ዛሬውኑ በስልክ ጽፌ እልክልሻለሁ። ስለ እኔ መቆምሽ አኩርቶኛል፤ ግን የቆምሽው አባትሽ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

ሆስፒታሉ ያን የገመድና የቀዳዳ የስልክ ማዞሪያ ነቅሎ በኮምፒውተር የሚሠራ ሊያስገባ መሆኑን ነግሬሽ ነበር። «የስልክ ኦፕሬተሮቻችን ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ይሄዳሉ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ኦፕሬተሮቻችን የተባልኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ሥልጠናው የት እንደሆነ ሁለቴ አነበብኩ። የባሕሩ ከተማ ነው። አባትሽ ከጋዜጣ ቆርጦ የብየዳ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው ያ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ኬብል ካር ያለበት ከተማ። ሥዕሉ በጭስ ጠቁሮ ከሰል እስኪመስል ድረስ እዚያው ነበር፤ ታስታውሺዋለሽ።

እኛ ስልክ አዞሪዎች እርስ በርሳችን በስም አንጠራራም። በመሥሪያ ቤታችን ነው። «ባንክ፣ እንዴት አደርሽ?» «ደህና፣ ሆስፒታል፤ አንቺስ?» እንባባላለን። ባንክን ብዙ ዘመን አውቃታለሁ። እናቷ ስትታመም ሐኪሙን ፈልጌ ያገናኘኋት እኔ ነኝ። አባትሽ ከሞተ በኋላ ሥራ በተመለስኩበት ጠዋት የመጀመሪያውን ጥሪ የደወለችው እሷ ናት፤ አንድም ቃል ሳትናገር መስመሩ ላይ አብራኝ ቆየች። መልኳን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ስለሆነ ረጅምና ግዙፍ ሴት አድርጌ ሥያት ኖሬአለሁ። የሥልጠናው ክፍል በር ላይ ትከሻዬ ላይ እንኳ የማትደርስ ሴት «ይቅርታ እመቤቴ፣ ያሳልፉኝ» ስትለኝ ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ።

«ባንክ!» አልኳት።

«ሆስፒታል! አንቺ ነሽ? ኧረ እኔ እኮ ወፍራም ነበር የማስብሽ!»

እዚያው በሩ ላይ ተቃቅፈን የሰው መተላለፊያ ዘጋን።

ሦስተኛዋ ሆቴል ናት፤ የዚያው ከተማ ልጅ። ለእንግዶቿ ጀልባው ከየት እንደሚነሣ፣ ኬብል ካሩ መቼ እንደሚከፈት በስልክ ስትናገር ፀጉሯ ሸብቷል። «ከላይ ሲታይ ባሕሩ እንዴት ነው?» ብላት «እኔ ምን አውቄ? የሚወጡት ሲደውሉ የሚሉትን ነው ለሚቀጥለው የምነግረው» አለችኝ። ወጥታ አታውቅም! እዚያው ሥር ተወልዳ፣ ልጅ አሳድጋ።

አሠልጣኟ በየጠረጴዛችን ላይ አንድ አንድ ትንሽ መስታወት አቁማልን ነበር። «ስታወሩ ራሳችሁን እዩ፤ ፈገግታ በድምፅ ውስጥ ይሰማል» አለችን። መጀመሪያ ቀን መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እየመጣች ትመልሰዋለች፣ አዞረዋለሁ፣ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ «እናቴ፣ ምን አደረገዎት?» አለችኝ።  ከዚያ በኋላ አላዞርኩትም። አይ ልጄ፣ ይህን ፊት ለካ ጥዬው ከርሜአለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠና የለም። ባንክ ክንዴን ይዛ ታወጣኛለች፤ ሆቴል ደግሞ ለዓመታት በስልክ ስትለፈልፈው የኖረችውን መንገድ በእግሯ ትመራናለች። ሁለት ጊዜ ጠፋን። ከሥሩ መስታወት በሆነ ጀልባ ሄድን፤ ዓሦች ከጫማዬ ሥር ሲያልፉ እግሬን አነሣሁላቸው። ነፋሱ ጥቁር ሻሼን ወሰደው። ባንክ ልትይዘው ስትንጠራራ «ተይው» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ፤ ብቻ ከአፌ ወጣ። ባሕሩ ዳር ጫማችንን አውልቀን ሄድን፤ አይስክሬም በላሁ፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት ደግሞ በላሁ። ለመርከቦች የሚያበራው ማማ ላይ ለመውጣት ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ሥሩ ባለው አግዳሚ ተቀምጬ መጽሐፌን አነበብኩ። እኔ ከስልክ ማውጫ ላይ ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማዞሪያውን ክፍል ስወለውል፣ የያኔዋ ስልክ አዞሪ ምሳ ስትወጣ፣ ስም በስም። እስከ ዛሬም መጽሐፍ ሳነብ የሰው ስም ላይ ስደርስ ጣቴን አስደግፌ ነው የማልፈው። እዚያ አግዳሚ ላይ ማንም ጣቴን አላየም። ቢያዩም ግድ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ኬብል ካሩ።

ሦስታችን አንድ ካቢን ያዝን። ሆቴል ዓይኗን ጨፍና ነው የገባችው። መሬቱ ከሥራችን ሸሸ። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ አከሉ፣ ባሕሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልክ አጋማሽ ላይ ካቢኑ ዥው አለና ቀጥ አለ። ዝም። ሲጢጥ የሚለው ገመዱ ብቻ ነው። ሆቴል መጸለይ ጀመረች። በዚህ መሐል ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና አንድ የወንድ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» አለ።

ሦስታችንም፣ በአንድ አፍ፣ በዚያ በሥራ ድምፃችን፦

«ሆስፒታል! ማንን ላገናኝዎ?»

«ባንክ! ማንን ላገናኝዎ?»

«ሆቴል! ማንን ላገናኝዎ?»

 ሰውየው በጣም በትሕትና «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው መሰለኝ» ብሎ ዘጋው!

አየሽ ልጄ፣ ሰማይና ምድር መሐል ተንጠልጥለን፣ የሚያድነን ሰው ስልኩን ዘግቶብን። ባንክ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሆቴል ጸሎቷን ጥላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔስ? ሆዴን ይዤ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ። ባንክ ፎቶውን ያነሣችው ያኔ ነው። ሰውየው በኋላ መልሶ ደወለና «እባካችሁ፣ ካቢን ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ ወይስ መሥሪያ ቤት?» አለ፤ እንደገና ሞትን በሳቅ።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቢው። እላይ ሆኜ አባትሽን አስታውሼ አለቀስኩ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ለአክስትሽም እንደዚያ ብላት ይቅር ትለኝ ነበር። አላለቀስኩም። አላስታወስኩትም። ትዝ ያለኝ ወርደን፣ አይስክሬም ያጣበቀውን እጄን ስጠርግ፣ የገመዱን ምሰሶ ስመለከት ነው። እሱ ቢሆን ባሕሩን ትቶ የምሰሶውን ብየዳ ነበር የሚያየው፤ «አየሽ ይሄን መገጣጠሚያ፣ ምን ዓይነት እጅ ነው» ይለኝ ነበር። እንደዚህ አሰብኩና ፈገግ አልኩ። ይኸው ነው። በዚህም ይቅርታ አልጠይቅም።

ፎቶውን ባንክ ላከችልኝ። እኔ ለአንቺ ልልክ ብዬ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ላክሁት። ስንት ሺህ ጥሪ ሳገናኝ መስመር ያልተሳሳትኩ ሴት! ተሳስቼ ነው ብያቸዋለሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ስነካው የማንን ስም እንደምነካ እያየሁ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አክስትሽ መጣች። ደረጃውን በዚያ ጉልበቷ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጥርስሽ እስከ መንጋጋሽ ይታያል።»

«ስስቅ እንደዚያ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሳውቅሽ እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ለመሆኑ ማን ነው ያነሣሽ?»

«ባንክ ናት።»

«ባንክ! ጭራሽ ባንክም ሰው ማንሣት ጀመረ?»

ልስቅ ስል አየችኝና ይብስ ነደደች። «ወንድሜ ሳያየው የሞተውን ነገር አንቺ ሻሽሽን ጥለሽ፣ ጥርስሽን ገልጠሽ...»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አዎ ትለኛለች እንዴ!»

«ምን ልበል? አይቻለሁ። ሥልጠና ማዕከሉ ደግሞ አዳዲሶቹን ልጆች ስልክ አነጋገር እንዳስተምር ጠይቆኛል። አዲሱ ማሽን አብዛኛውን ራሱ ያገናኛል፤ እዚህ ማዞሪያው ውስጥ ከእንግዲህ ለእኔ ሥራ የለም። ሰኞ ወደዚያው ተመልሼ እሄዳለሁ።»

ይህን አንቺም ገና አልሰማሽም ነበር፤ ይኸው ሰማሽ። ክፍል ሰጥተውኛል፤ ጠባብ ናት፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ፣ ግን በመስኮቷ ገመዱ ይታያል።

አክስትሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ሰው ሁሉ ወንድሜን ቆንቋና ይለዋል» አለችኝ። «ልጅሽም ትለዋለች። ሚስቱን ከበር ያላወጣ ይሉታል። እኔ ግን ሻንጣዬን ሊዋሰኝ የመጣ ዕለት ፊቱን አይቻለሁ። ለሠርጉ እንኳ እንደዚያ አላበራም። መቆለፊያው ተሰብሮ ነበር፤ እዚያው ወስዶ በየደው። በማግስቱ መለሰልኝ። "ሥራ በዛብኝ፣ እህቴ" አለኝ። በያጅ ሥራ በዝቶበት እጁ ንጹሕ ሆኖ አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን እጁ ንጹሕ ነበር።»

ብላ ዓይኔን አየችኝ። እኔ ተነሥቼ የታጠበውን ብርጭቆ መልሼ ማጠብ ጀመርኩ።

«እሑድ ትመጪና በሁሉም ፊት ይቅርታ ትያለሽ» አለች ከበስተኋላዬ። «አልሄድም ትያለሽ። ነገሩ በዚያው ያልቃል።» ግድግዳውን ይዛ ወረደች። መብራት አበራሁላት፤ አመሰግናለሁ አላለችም።

ሻንጣው እውነት ነው። ልንሄድ በነበረበት ዋዜማ የእኔን ቀሚሶች ራሱ አጣጥፎ ከቶ ነበር፤ አጣጥፎ አያውቅም፣ እንደ ቆርቆሮ ነው ያጣጠፋቸው። አንቺ እንግዲህ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ከአክስትሽ ጋር ልትቆዪ ነበር። ጠዋት ተነሣሁና «አልሄድም» አልኩት። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ሰው ምን ይለናል?» አልኩት። ከወለል መወልወል ተነሥቼ ስልኩ ላይ ስቀመጥ ሆስፒታሉ ሙሉ ያለውን ብሏል፦ ፊደል ቆጥራ ወንበር ላይ ወጣች፤ ነገ ደግሞ ምን ያምራት ይሆን! አሁን ሻንጣ ይዤ ባሕር ላይ ስዝናና ብታይ «ይኸው አማራት» የሚሉኝ መሰለኝ። ባሕሩን አይደለም የፈራሁት። ደስ ሲለኝ ሰው እንዳያየኝ ነው የፈራሁት።

አልጮኸብኝም። ቀሚሶቹን አወጣ። ለሚጠይቀው ሁሉ «ሥራ በዛብኝ» አለ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ «ዘንድሮስ?» ይለኛል፣ «ዘንድሮ አይመችም» እለዋለሁ፤ ሰው ሲጠይቅ እሱ «ሥራ» ይላል። ጎረቤቶቹ «አይ ያንቺ ነገር፣ እንዲህ ያለ ደረቅ ባል» እያሉ ያዝኑልኝ ጀመር። አላስተካከልኳቸውም። ልጄ፣ ሲያዝኑልሽ ይሞቃል። አንድ ጊዜ ከለመድሽው ማውለቅ ያቅታል። አንቺም ከእነሱ ሰምተሽ አደግሽ። እሱ ከታመመ በኋላ እንኳ፣ አልጋው አጠገብ ሆነሽ «እማዬን ምንም ሳታሳያት» ስትዪው እኔ ትራሱን እያስተካከልኩ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንቺን «ልክ ነሽ» አለሽ። የተሸከምኩት ይህን ነው።

በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ አያለሁ። የእኔ ፎቶ አለ፣ የባልሽ ቤተሰብ አለ። የእሱ የለም። የሌለው በእኔ ዝምታ ነው።

እንግዲህ የማይደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንቺም አታደባልቂብኝ። አባትሽን በድያለሁ፤ እሱን በደሌን እሸከማለሁ። በኬብል ካሩ ላይ በመሳቄ ግን ማንንም አልበደልኩም። በሐዘን ተቀምጬ ብቀር በደሌ አይቀልም፤ ይኼ ሁሉ ዘመን ተቀምጬ አየሁት፣ አልቀለለም። እሑድ እሄዳለሁ፣ ሁሉንም ሰላም እላለሁ፣ ይቅርታ ግን አልልም። የአንቺን መልእክት አሰምቼም አላሸንፍም። አባትሽን አስከስሼ የማገኘው ነፃነት ሌላ እምቢታ ነው፤ እሱን እንደገና ከመንገድ መመለስ ነው። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም ሰኞ አውቶቡሱ ላይ ነኝ። ቅር የሚለው ይበለው። ሰው ምን ይላል የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ የከፈልኩበት ይበቃል።

አንቺም ስትመጪ ወደዚያው ነይ። ሦስታችን ካቢን ውስጥ እናስገባሻለን። ድምፅ ማጉያው ከተንኮሻኮሸ መልሱን ለእኛ ተይው።

ፈጣሪ እጅሽ የነካውን ያለምልምልሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይራቀው፤ የሚወድሽን ሰው ጥያቄ በ«ሰው ምን ይላል» የምትመልሺበት ቀን አይምጣብሽ። የአባትሽን ፎቶ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ፤ እጁ በጥላሸት የጠቆረበትን ነው የመረጥኩት። የት እንደምትሰቅዪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ፖስታውን አላሸግኩትም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከአንቺ በፊት የሚያነበው ሰው አለ። ነገ በሁሉም ፊት ጮክ ብላ ልታነበው ከፈለገች ታንብበው፤ በወንድሟ ነገር ልክ እንደነበረች ይሰሙላታል። አንብባ ስትጨርስ ወደ አንቺ ትልከዋለች፤ በእሷ እጅ መላኩን መርጫለሁ። ስሰጣት ያን መቆለፊያው የተበየደ ሻንጣ እንድታውሰኝም እጠይቃታለሁ።

እናትሽ

ይህ ወረቀት መጀመሪያ የሚሰጠው፦ ለአክስትሽ፣ በእጇ።